«ለዛሬ ብቻ»

«ለዛሬ ብቻ ነው ልጄ! አንድ ቀን ምን ያደርጋል?» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ። ይህን ያሉት ሦስተኛውን ማንኪያ ስኳር ሲኒዬ ውስጥ ከጨመሩ በኋላ ነው። ስኳር እንዳለብኝ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ታምሜ ስተኛ ሊጠይቁኝ የመጡት እንኳን ማር ይዘው ነበር። «ማር እኮ መድኃኒት ነው!» ለስኳሬ ግን ማርም ያው ስኳር ነው።

ደሴ ውስጥ ይህ «ዛሬ» የሚሉት ቀን አያልቅም። ሌላው አገር አንድ የበዓል መቁጠሪያ ይበቃዋል። እኛ ወሎዬዎች በሁለት ነው የምንበላው። የአባቴ ወገን ለዒድና ለመውሊድ ይጠራኛል፤ የእናቴ ወገን ለገናና ለፋሲካ። በመሃል ሰደቃ አለ፣ ዝክር አለ፣ ማኅበር አለ። ለቅሶውም ያበላል። በዚህ እኮራለሁ። ግን ቆሽቴን ማን አማከረው?

ሐኪሟ የነገረችኝ ቀላል ነገር ነው። ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሥጋውን አስቀድሞ እንጀራውን ወደ መጨረሻ ማድረግ፤ ያኔ ስኳሩ ባንዴ ሽቅብ አይወጣም። የደም ስኳሬ ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ወጡን ያለ እንጀራ ለማስቀደም ማንኪያ ያስፈልጋል፤ እስቲ ሰደቃ ላይ ማንኪያ ጠይቁ! እኔ ጠየቅሁ። ጨዋታው ቆመ። አንድ ሽማግሌ «ምነው፣ እጁን አሞት ነው?» አሉ። ልጅ ተልኮ የሻይ ማንኪያ መጣ። በእሷ ሥጋ ስለቅም ደግሞ ሌላ ሐሜት ሆነ። ይሄኔ ከጎኔ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ብቅ አለ። «በሞቴ!» በራሳቸው ሞት እየማሉ የኔን ያፋጥኑታል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ተከተለ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የምወደው ተረት ነው። አብረው የበሉት ምን እንደሚሆኑ ግን አይናገርም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ሰው አልፈልግም ካለ አልፈልግም ማለቱ ነው። ነገ ዓይኑ ሲደክም፣ የእግሩ ቁስል አልድን ሲል፣ «አፉን መቆጣጠር አቅቶት ነው» የሚሉት እነዚሁ ያጎረሱት ናቸው።

ከምግብ በኋላ መራመድም ታዝዞልኛል። ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ከደም ይወስዳል። ደሴ ደግሞ ዳገት አይቸግራትም፤ ጦሳ ተራራ እዚያው ነው። የቸገረኝ ጃንጥላ ነው። ወፍራም ጥቁር ጃንጥላ ነበረኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሐምሌ ዝናብ «እስከ ፒያሳ ብቻ» ብሎ ወሰደው። አሁን ኮምቦልቻ ተዛውሯል። ለፀሐይ ይዞት ይዞራል አሉ! እዚያ ቁልቁል ወርዶ፣ በኔ ጃንጥላ ጥላ ሥር፣ ዘና ብሎ። ሲደውልልኝ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፤ ስለ ጃንጥላው ትንፍሽ አይልም። «ብቻ» የሚል ሰው አይታመንም፤ ስኳር ይዞም ይምጣ ባዶ እጁን።

ስለ ምግብ ነበር መሰለኝ የጀመርኩት። ለማንኛውም ነገ በእናቴ ወገን ዝክር አለ። ማንኪያዬን በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው። የሾርባውን።