ለሻምበል ዘይት የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በሉ ጨርሱኝ

አሁን ገና ከክሊኒክ መግባቴ ነው። ድመቴ ሻምበል እዚያው ያድራል፤ ቧንቧ አስገብተውለት አስተኝተውታል። እጄን ቦጫጭሮኝ የምጽፈው በአንድ አውራ ጣት ነው፣ ፊደል ብስት ማንም እንዳያርመኝ። ለዛሬ ታርሜ ጠግቤአለሁ።

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የመጸዳጃ ሳጥኑ አሸዋ ላይ ይመላለሳል። ይቆፍራል፣ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም የለም። እኔ አዋቂዋ ሆድ ድርቀት ነው ብዬ ፈረድኩ። ዘይት በሲሪንጅ ግጥም! ግማሹ ሶፋው ላይ ነው። ዛሬ አልጋ ሥር ገብቶ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ በፎጣ ጠቅልዬው ሮጥኩ።

ሐኪሟ ሆዱን አንዴ ዳበስ አድርጋ ቀና አለች።

«ወንድ ነው?»

«አዎ፣ ሻምበል ነው።»

«መጨረሻ የሸናው መቼ ነው?»

ዝም።

«አሸዋውን የሚያጸዳው ማነው?»

«እኛ።»

«እኛ ማን?»

እኛ ማን! እንዲህ ያለ መስቀለኛ ጥያቄ ፍርድ ቤትም የለም። «በቀን ስንት የሽንት ጓል ታወጫለሽ?» አለችኝ። በሽንት የረጠበ የአሸዋ ጓል የሚቆጥር ሰው አለ እንዴ? አለ ለካ። «ምን ሰጠሽው ታዲያ?» ስትለኝ ድምፄ ጠፋ። «ዘይት።» «ለሽንት?» ረዳቷ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ።

ለካ የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ደቃቅ ክሪስታልና ንፍጥ እንኳ ይደፍነዋል። ሽንቱ ሲታገድ ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ይከማችና ልቡን ያቆመዋል፣ ያውም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ። «ሲጀምረው ጠብ ጠብ እያለ ትንንሽ ጓል ይሠራል፣ የሚያጸዳ ሰው ያየዋል» አለች። የሚያጸዳ ሰው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኧረ «ድመት እኮ ራሷን ትጠብቃለች» ስትሉኝ የኖራችሁ የት ናችሁ? እሺ፣ ራሷን ትልሳለች፣ ምላሷ ሞረድ ነው። የነቀለችውን ጠጉር ግን ትውጠውና ሌሊት 9 ሰዓት ምንጣፌ ላይ ትተፋዋለች። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቢበጠሩ እኮ ይቀንስ ነበር። ማበጠሪያውስ? ወንድሜ ጢሙን ሲያበጥርበት ያዝኩት! ጢሙን! ያው ወንድሜ ነው አሸዋውን «ነገ አወጣዋለሁ» የሚለው። ነገ የምትባለው ቀን እኛ ቤት መጥታ አታውቅም።

ለሁለት ድመት ሦስት ሳጥን ነው የሚመከረው፤ እኛ ያለን አንድ ነው። ጓሉ ላይ ስም አይጻፍ፣ የብርቄ ይሁን የሻምበል በምን ላውቅ? በዚያ ላይ እህቴ «ቤቱ ጽጌረዳ ጽጌረዳ እንዲሸት» ብላ ባለሽቶ አሸዋ ያመጣች ጊዜ ብርቄ አንዴ አሽትታ ጫማዬ ውስጥ ሄዳ ሸናች። ልክ ነበረች። እንኳን እሷ፣ እኔም እዚያ ሳጥን አልገባም።

እና የጎረቤታችንን አልረሳሁም። አምና «ለውሻዬ የምቀባው የቁንጫ መድኃኒት ነው፣ ጠብ አድርጊለት» ብላ ይዛ መጣች። ፐርሜትሪን! ለውሻ መድኃኒት፣ ለድመት መርዝ። ማሸጊያውን ያነበብኩት እኔ፣ «ስትኮሪ» የተባልኩትም እኔ። ዛሬ ደግሞ እማዬ ደውላ «ግማሽ ፓራሲታሞል ብትሰጪውስ?» እማዬ፣ ስወድሽ፣ ግማሽ ፍሬ ሊገድለው ይችላል። ለነገሩ ምን አፍ አለኝ፣ ዘይት አጠጪዋ።

ደክሞኛል። ፊኛው ኳስ አክሎ እኮ ትናንት ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር፣ እኔ ስልኬን ስጎረጉር። ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል ይሉኛል። ምኑን ደበቀው? ቀኑን ሙሉ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ እያየኝ!

ይኸው ወንድሜ በሩን ከፍቶ «ሻምበልስ?» ይላል። ምንም አላልኩትም፤ ወንፊቱን አቀበልኩትና ቁጠር አልኩት። አሁን ሳጥኑ ሥር ተንበርክኮ ጋዜጣ ላይ እየደረደራቸው ነው። ዘጠኝ። ሦስቱ ጡጫ ጡጫ ያክላሉ። ስድስቱ የአተር ፍሬ።