ፉጂፊልምንም አንሱት እንጂ

ስለ አሜሪካው የፊልምና የካሜራ ኩባንያ ስለ ኮዳክ ያነበብኩት ጽሑፍ «ኮዳክ የወደቀው ዲጂታልን ስላላወቀ ነው» ይላል። አልስማማም። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው እኮ የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን ነው! አንዷን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ኩባንያው ግን እንጀራው ፊልም ስለነበር ልቡ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዕዳው ከብዶት ፍርድ ቤትን የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የጃፓኑ ተፎካካሪው ፉጂፊልም ግን የፊልም ኬሚስትሪ እውቀቱን ይዞ የፊት ቅባት እስከመሥራት ደረሰ። ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ፊልምም ውስጥ፣ ቆዳችንም ውስጥ አለና።

አባቴ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ፎቶ ቤት ነበረው። የጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያው ኬሚካል 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆን አለበት። በድሬ ሙቀት! በረዶ ገዝቼ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ዲጂታል ሲመጣ ጨለማ ክፍሉን ዘግቶ ኮምፒውተር ገዛ። የፎቶ ማጉያ መሣሪያውን ግን እስካሁን አልሸጠውም።