ቢልዱ «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ብሎ መጠየቅ የለበትም

ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ቤት ውስጥ ፋሲካም ኢድም የሚከበርበት አገር ነው። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ የካላንደር አፕ የሁለቱንም በዓላት መያዝ አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ቀኖቹ ፓኬጁ (ተጠቃሚው የሚጭነው የአፑ ፋይል) ውስጥ የሚገቡበት መንገድ ነው።

ብዙ ጊዜ ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም ኮዱ ወደሚጫን ፋይል ሲቀየር፣ አንድ ስክሪፕት የኮምፒውተሩን ሰዓት ያይና ከዘንድሮ ተነስቶ የጥቂት ዓመታት የበዓል ሠንጠረዥ አውጥቶ ፋይሉ ውስጥ ይከታል። በቃ፣ ጳጉሜን 5 ቢልድ ያደረገና በማግስቱ መስከረም 1 ቢልድ ያደረገ ሰው፣ ከኮዱ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ የተለያየ ፋይል ያገኛሉ።

ምን ችግር አለው? በጣም አለው እንጂ! ተጠቃሚው የሚያወርደው ሌላ ሰው ማሽን ላይ የተሠራውን ፋይል ነው፤ ኮዱን አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታወቀው፣ ሶላርዊንድስ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ የደረሰው ጥቃት ያለፈው በዚሁ በር ነው፦ ተንኮሉ የገባው ቢልድ በሚደረግበት ጊዜ ነበር። መጠበቂያው ሌላ ሰው ከዚያው ኮድ ራሱ ቢልድ አድርጎ ሃሹን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን አጭር መለያ፣ ማመሳከር ነው። ሰዓት የገባበት ፋይል ላይ ግን ሃሹ ያለ ተንኮልም ሊለያይ ይችላል፤ ልዩነቱ ከቀኑ ይምጣ ከሌባ፣ በምን ይታወቃል?

ሶርስ ዴት ኤፖክ የሚባለው መላ አለ። ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ የተቆጠረ የሰከንድ ቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው የኮድ ለውጥ ቀን ይወሰድና ቢልዱ በሰዓቱ ፋንታ እሱን ያነባል። ጥሩ ነው፣ ተጠቀሙበት። ለካላንደር ግን በኔ እምነት አይበቃም፤ ፋይሉ አንድ ዓይነት ይሆናል እንጂ ሠንጠረዡ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማለቁ አይቀርም።

ፋሲካን ለምን ሠንጠረዥ ውስጥ እንከታለን? ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማስያ፣ እኮ ዓመቱን ብቻ ነው የሚፈልገው። 2017ን ውሰዱ፦ 5500 ሲደመርበት 7517፤ በ19 ተካፍሎ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 11፣ ከእሱ የሚሰሉት አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ይሆናሉ። ከዚያ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ማንም፣ መቼም፣ የትም ቢያሰላው ያው ነው። ስለዚህ አፑ ስልኩ ላይ ራሱ ያስላው።

ኢድ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ይለያል። የሚገመተው ቀን እንደማንኛውም ኮድ በፋይል ተጽፎ ይቀመጥ፤ ቀኑ ሲቀየር ፋይሉ ታርሞ አዲስ ቨርዥን ይውጣ፣ ማን መቼ እንዳረመውም ይታያል።

መፈተኑ ከባድ አይደለም። ሁለቴ ቢልድ አድርጉ፣ ሁለተኛውን ሰዓቱን ከዓመት በላይ ወደፊት ገፍታችሁ፤ ዴቢያን የተባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩት ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምታስተምሩ መምህራን፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትገመግሙ ይህን ፈተና ጨምሩበት፤ ሃሹ ካልገጠመ ተማሪው አስተካክሎ ይምጣ።