መስከረም ሳይጠባ ኑ

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼን «ደሴ መቼ ትመጣላችሁ?» ስላቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው። «መስከረም ይጥባና!» ጭቃው ይድረቅ፣ ጉሙ ይገፈፍ፣ አደይ ይፈንዳ፣ ያኔ እንመጣለን ይላሉ። እኔ ደግሞ መስከረም ሳይጠባ ኑ እላለሁ። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ኑ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ደሴ ላይ የተደረበ ጃኬት ኮምቦልቻ ሲደርሱ ይወልቃል። እኛ የአገሩ ሰዎች ግን ይህን ሸለቆ የምናውቀው በሚኒባስ መስኮት ነው። ብዙዎቻችን በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ሐረጎ በሚባል ስፍራ ላይ ወርደን አናውቅም።

አምና በነሐሴ የእህቴን ሁለት ልጆች ይዤ በጠዋት ወጣሁ። ሐረጎ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ዞሮ አየኝ። «እዚህ ምን አለ?» አለ። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰዓት ምንም አይታይም ነበር። ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ነጭ ሐይቅ መስሏል። ትንሹ ልጅ «ደመናው ከእኛ በታች ነው እንዴ?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ጉሙ ከአንድ ጎን ይቀደድ ጀመር። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ጫፍ ታየ። ቀጥሎ እርከን የተሠራለት ማሳ። በመጨረሻ ከታች፣ ከሩቅ፣ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ አለ። በጋ ላይ ደረቅ ድንጋይ የነበረው ገደል ሁሉ ውሃ ይወርድበታል። መስከረም ላይ ብትመጡም ታዩታላችሁ፤ ግን ቀጥኖ ነው የሚጠብቃችሁ።

ትልቋ «ይሄ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አለች። ነገርኳት። ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ሜዳ አጠጥቶ፣ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እግሯ ሥር የሚፈሰው ውሃ አፋር ድረስ እንደሚሄድ ስትሰማ ጎንበስ ብላ በእጇ ነካችው።

ነገሬም እዚህ ላይ ነው። ልጆች ትምህርት የሚዘጋላቸው ክረምት ነው። አገሩ የሚያምረውም ክረምት ነው። እኛ ግን ቤት አስቀምጠን ስልክ እንሰጣቸዋለን። መስከረም ጠብቶ «አሁን እንሂድ» ስንል እነሱ ዩኒፎርም ለብሰዋል።

ዝናቡስ ትሉ ይሆናል። የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ማለዳ የወጣ ሰው ጥሩ ጥሩ ሰዓታት ያገኛል። እኛን አምስት ሰዓት ላይ ያዘን። ጋቢ የተከናነቡ አንድ አዛውንት «አብሽሩ፣ ያልፋል» ብለው ቤታቸው አስገቡን። ባለቤታቸው ጀበና ጥደው ነበር። ቆሎ ቀረበ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይደርስ አባራ። ያንን ቡና በየትኛውም ሆቴል አላገኘሁትም።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። መንገዱ ተሳቢ ይበዛበታል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው መኪና አይታይም። በማታ አትጓዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የአገሩን ሰው ጠይቁ። ከባድ ዝናብ ያደረበትን ተዳፋት አትውጡ፣ መሬቱ ይንሸራተታል። ላይ እየዘነበ ከሆነ ወንዝ ዳር አትቀመጡ፣ ደራሽ አይታመንም። በሰው ማሳ መሃል አቋርጣችሁ አትለፉ። የጠጣችሁበትን ሃይላንድም ይዛችሁ ተመለሱ፤ እዚያ የተጣለ ላስቲክ ከውሃው ጋር ቦርከና ይገባል።

ሐረጎ ላይ ትልቅ ሎጅ ይሠራ አልልም። መኪና ከመንገድ ወጥቶ የሚቆምበት ቦታና ዝናብ የሚያስጠልል ዳስ ቢኖር ይበቃል። ለአካባቢው ሴቶች ቡና የሚያፈሉበት፣ ለወጣቶቹም እንግዳ እየመሩ ጥቂት ብር የሚያገኙበት ይሆናል።

ልጆቹ ዘንድሮ ገና ከሰኔ ጀምረው ይጠይቁኛል። ትንሹ ቦቲ ጫማ ይገዛልኝ ብሏል። ትልቋ ከሐረጎ ኮምቦልቻ ድረስ በእግር እንውረድ ትላለች። እስከ ግማሽ መንገድ ተስማምተናል።