ሃምሳው ሎሚ የማን የማን ነው?

ሰሞኑን አንድ የሥራ መሪ የሠራተኞቻቸውን የሥራ መዘርዝር መሰረዛቸውን እንደ ጀብዱ ሲያወሩ ሰማን። «መዘርዝር ሰውን ‹ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም› ባይ ያደርገዋል፤ እኛ ዘንድ ሁሉም ለሁሉም ኃላፊ ነው» አሉ። ማሳረጊያቸው ደግሞ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምትለዋ ተረት ነበረች። ጭብጨባው ቀለጠ።

ተረቷን ጥቂት ቢያስቡባት ኖሮ ባልጠቀሷት ነበር። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሲደርሰው ነው። ሃምሳውን መሬት ላይ ዘርግፎ «የሁላችሁም ነው፣ አንሱ» ማለት ማከፋፈል አይደለም። አሥር ሰው አንዷን ሎሚ ሲሻማ ሌላው ወድቆ ይቀራል።

«የእኔ ሥራ አይደለም» ባዩንም የወለደው መዘርዝሩ ሳይሆን መጨረሻው ላይ የምትወሸቀው «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል» የምትል መስመር ናት። ወሰኑ ያልተነገረው ሠራተኛ የራሱን አጥር ቢያጥር ምን ይገርማል?

የሁሉም ኃላፊነት የት እንደሚያደርስ ማየት የሚሻ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1972 የተከሰከሰውን የአሜሪካ ኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ይመልከት። ማያሚ ለማረፍ ሲቃረብ የፊት ጎማው መዘርጋቱን የምታሳይ አንዲት አምፖል አልበራ አለች። ካፒቴኑ፣ ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱ ሦስቱም በእሷ ተጠመዱ። አውሮፕላኑ ከፍታ እየቀነሰ መሆኑን ከሦስቱ አንዱም በጊዜ አላየም፤ ረግረግ ላይ ወድቆ 101 ሰው አለቀ። ጎማው ተዘርግቶ ነበር፤ የተቃጠለችው አምፖሏ ናት። የሙያም ሆነ የመተባበር ችግር አልነበረባቸውም። የጠፋው «አንተ አብርር፣ አምፖሏን እኔ አያለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዛሬ በአብራሪዎች ክፍል ማን እንደሚያበርና ማን መሣሪያዎቹን እንደሚከታተል አስቀድሞ ይለያል፤ የአውሮፕላኑ መሪ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገርም ሁለቱም በቃል ያረጋግጣሉ። እነዚህ ሰዎች የቡድን መንፈስ የላቸውም ሊባሉ ነው?

ማን ለምን ተጠያቂ እንደሆነ መለየት ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ዋና ሥራዎችን በረድፍ፣ ስሞችን በአምድ አስፍሩ። ሬሲ (RACI) በሚባለው የኃላፊነት ማከፋፈያ ሠንጠረዥ እንደተለመደው በየሳጥኑ ሠሪ፣ ተጠያቂ (ለውጤቱ መልስ የሚሰጥ)፣ ምክር የሚጠየቅ፣ የሚነገረው ብላችሁ ሙሉ። ከሁሉ በፊት ተጠያቂውን፤ ለአንድ ረድፍ አንድ ሰው ብቻ። ሁለት ተጠያቂ ያለበት ረድፍ ከባዶው ይብሳል፤ ባዶው ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሁሉም ረድፍ ላይ አለቃው ተጠያቂ ከሆኑ እሳቸው የታመሙ ዕለት ሥራው ይቆማል። ምክር የሚጠየቁት ሲበዙ ውሳኔው ከስብሰባ ስብሰባ ይንከራተታል። «ያስተባብራል»፣ «ይከታተላል»፣ «ድጋፍ ይሰጣል» የሚሉትን ሰርዛችሁ «ያጸድቃል»፣ «ይልካል»፣ «ይፈርማል» በሏቸው፤ መሠራቱና አለመሠራቱ ይለያል። ፈቃድ የሚወጣ ሰው ተተኪው በስም ይጻፍ።

ተጠያቂ ላላችሁት ሰው የመወሰን ሥልጣኑንም ስጡት። ለትንሿ ግዢ ሦስት ፊርማ እያስለመናችሁ «ኃላፊው አንተ ነህ» ማለት እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ነው።

መዘርዝር ያረጃል፤ ይህን እቀበላለሁ። ሰው ሲለቅ፣ ሰው ሲገባ፣ ሥራው ሲለወጥ ይታደሳል እንጂ አይቀደድም። ደግሞስ መዘርዝሩን የሰረዙት መሪ የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን አልሰረዙም። ዓመቱ ሲያልቅ ሰውን ባልሰጡት ሥራ በምን ሊመዝኑት ነው?