ላም አለኝ በጫካ

በዚህ ምድር ላይ እንደ ቢግፉት ፈላጊ የታደለ ባለሙያ የለም። ቢግፉት («ትልቅ እግር») በሰሜን አሜሪካ ጫካ ይኖራል የሚባል፣ ማንም ያልያዘው ግዙፍ ፀጉራም ሰው መሰል ፍጡር ነው። ዓሣ አጥማጅ ሦስት ቀን ባዶ መረብ ቢጎትት ሰው ይስቅበታል። ጉድጓድ ቆፋሪ ውሃ ካላወጣ ድካሙን የሚከፍለው አያገኝም። ጫካ ገብቶ ባዶ እጁን የወጣ ቢግፉት ፈላጊ ግን «ልምድ ያለው ተመራማሪ» ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካላገኘማ አንጋፋ ሆነ ማለት ነው፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ያላገኘበትን ዘዴ ለጀማሪ ያስተምራል።

አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ በባለላሙ ማሾፋቸው ነበር። ምስኪኖች፣ ነገሩ ሙያ መሆኑን አላወቁም። የዛሬው ባለላም ላሚቱን ከሰማይ አውርዶ ጫካ አስገብቷታል፤ ኮቴዋን በጀሶ ቀድቷል፣ ፀጉሯን ላቦራቶሪ ልኳል፣ ጩኸቷን በቴፕ ቀርጿል። የቀረው ወተቱ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ጥበብ ሳይወደስ መቅረቱ ነውር ስለሆነ ዛሬ እንዲህ ብለን እናወድሰው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያው ከእግር ይጀምራል። በ1958 በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ብላፍ ክሪክ በሚባል ቦታ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት ወደ ሥራ ሲመጡ በማሽኖቻቸው ዙሪያ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የባዶ እግር ዱካ አገኙ። ጄሪ ክሩ የተባለው የቡልዶዘር ነጂ ዱካውን በጀሶ ቀዳው፣ የአካባቢው ጋዜጣም ፎቶውን አወጣ፣ «ቢግፉት» የሚለው ስም በዚያው አገር ምድሩን አዳረሰ። የመንገዱ ተቋራጭ ሬይ ዋላስ በ2002 ሲሞት ቤተሰቦቹ ከእንጨት የተጠረበ ግዙፍ እግር አውጥተው «ቀልደኛው እሱ ነበር» አሉ። ይህን ሲሰማ ተራ ሰው ይደነግጣል። ባለሙያ አይደነግጥም። «ዋላስ ጥቂቱን ሠርቶ ይሆናል፣ ሁሉንም ግን ሊሠራ አይችልም፤ ደግሞስ እውነተኛ ከሌለ የምን ሐሰተኛ ይሠራል?» ብሎ ዘጋው። በዚህ ስሌት የእንጨት እግር በበዛ ቁጥር ማስረጃው ይጠነክራል።

ጀሶ መቅዳት ራሱን የቻለ ጥበብ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልኩ ሁለት እጅ ጀሶ ለአንድ እጅ ውሃ ነው። ጀሶው ውሃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃው ጀሶው ላይ አይደፋም፤ ከተደፋ ይጓጉላል። በዱካው ዙሪያ የካርቶን ክፈፍ ይቆማል፤ ጀሶው ዱካው መሃል ላይ ከከፍታ ከወረደ የጣቶቹን ጠርዝ ስለሚያፈርስ ከዳር በማንኪያ ወይም በእጅ መዳፍ ላይ እየተንሸራተተ ይግባ። ከግማሽ ሰዓት በፊት አይነካም። ከተነሳም በኋላ አንድ ሁለት ቀን ደርቆ እስኪጠነክር ድረስ አፈሩ አይቦረሽም፤ የቸኮለ ሰው ከአፈሩ ጋር ዝርዝሩንም ጠርጎ ይጥለዋል።

ይህ እንስሳውን ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። ላለማግኘት የሚሠራ ግን ደቃቅና ደረቅ አቧራ ይምረጥ። ጀሶው ሲፈስ ደረቁ አቧራ ከዳር ከዳር ውሃውን ይመጠዋል፤ ፈሳሹ ቆም፣ ፈቀቅ፣ እንደገና ቆም እያለ ይረጋና ቀጫጭን ተከታታይ መስመሮች ይተዋል። መስመሮቹ የጣት አሻራ ይመስላሉ። እነሆ ቢግፉት የቆዳ አሻራ አወጣ ማለት ነው፤ የቀረው መታወቂያ ማመልከት ነው።

ዬቲ የሚባለውን የበረዶ ሰው የሚፈልጉ የሂማላያ ባልደረቦቻችን ደግሞ ጀሶም አያስፈልጋቸው፣ ፀሐይ ትሠራላቸዋለች። በ1951 እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ኤሪክ ሺፕተን በሜንሉንግ የበረዶ ግግር ላይ አንድ ዱካ ከበረዶ መጥረቢያ ጎን አድርጎ ፎቶ ካነሳ ወዲህ የዬቲ እግር በዓለም ታወቀ። በረዶ ላይ የታተመ ዱካ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ፀሐይ ጠርዙን ታቀልጠዋለች፣ ነፋስ ይልሰዋል፣ ጣቶቹ ይዋሃዳሉ፤ ጠዋት የቀበሮ የነበረው እግር ከሰዓት በኋላ የጎልያድ ይሆናል። ድብ ከሆነማ ይበልጥ ያምራል፦ ሲራመድ የኋላ እግሩን የፊት እግሩ ረግጦት ባለፈው ዱካ ላይ በከፊል ይደርባል፣ ሁለቱ ተዋህደው ረጅም፣ ተረከዝ ያለው አንድ እግር ይወጣቸዋል። ድቡ በአራት እግሩ አልፎ በሁለት እግሩ የሄደ ፍጡር ጥሎ ይሄዳል። እንግዲህ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ዱካውን እየተከተልህ ወደ ጥላ እንዳትገባ። ጥላ ውስጥ በረዶው አልቀለጠምና ዱካው በልኩ እንዳለ ነው፤ ጥፍሩም ይታያል።

ወደ ካሜራ እንለፍ። የሙያው ቅዱስ ሥዕል ኦክቶበር 20 ቀን 1967 እዚያው ብላፍ ክሪክ የተቀረጸው ነው፤ ሮጀር ፓተርሰንና ቦብ ጊምሊን በፈረስ ሄደው በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ያመጡት፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ፊልም። ፓተርሰን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስለ ቢግፉት መጽሐፍ አሳትሟል፣ ፊልም ሊሠራበት ሄደ፣ ፍጡሩም ሳያሳፍረው ብቅ አለለት። እንዲህ ያለ ቀጠሮ አክባሪ አውሬ የት ይገኛል? ይበልጥ የሚደነቀው ግን ካሜራው በሰከንድ ስንት ምስል እንዲያነሳ ተደርጎ እንደነበረ ያለመታወቁ ነው። በ24 ከሆነ አካሄዱ ከሰው አካሄድ አይለይም፤ በ16 ወይም በ18 ከሆነ ግን እንግዳ ይሆናል። አንዲት ያልተመዘገበች ቁጥር ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ክርክር ትቀልባለች። መዝጋቢ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ሥራ ፈት ይሆን ነበር!

የዛሬው መሣሪያ የካሜራ ወጥመድ ነው፤ ዛፍ ላይ ታስሮ ወራት የሚጠብቅ ሳጥን። አብዛኛው ስምንት ባትሪ ድንጋይ ይወስዳል። እንቅስቃሴን የሚያውቀው በሙቀት ልዩነት ነው፦ ከጀርባው ካለው መሬት የሚሞቅ ወይም የሚበርድ አካል ፊቱ ሲያልፍ ያነሳል። የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ ያስሩታል፤ እንስሳው ምስሉ ውስጥ እንዲቆይ መንገዱን በአግድም ሳይሆን በርዝመቱ እንዲያይ ያዞሩታል፤ በምድር ሰሜናዊ ክፍል ፀሐይ ሌንሱን እንዳትመታው ፊቱን ወደ ሰሜን ያደርጋሉ፤ ከፊቱ ያለውን ሣርና ቅርንጫፍ ያጭዳሉ፤ ተራው ባትሪ በብርድ ስለሚደክም ሊቲየሙን ይጠቀማሉ።

አይ፣ ይህ ሁሉ ለሚያገኝ ሰው ነው። የእኛ ሰው «ግዙፍ ነው» ብሎ ከራሱ በላይ ይሰቅለዋል፣ ፊቱን ለፀሐይ መውጫ ይሰጠዋል፣ ሣሩን «ተፈጥሮን ላለመረበሽ» ይተወዋል። ነፋስ ፀሐይ ያሞቀውን ሣር ባወዛወዘ ቁጥር ካሜራው ያነሳል፤ ካርዱ በሣር ይሞላል፣ ባትሪው ያልቃል። ካሜራው እንደ ምንም በትክክል ቢተከል እንኳ ድብ፣ አጋዘን፣ ራኩንና የጠፋበት መንገደኛ ይመጣሉ፤ ባለጉዳዩ አይመጣም። ለዚህም መልስ ተዘጋጅቷል፦ ፍጡሩ ካሜራው የሚረጨውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ያያል፣ የሰው ጠረን የነካውን ዛፍም ይሸሻል። ሳኦላ ይህን ምስጢር የነገረው የለም። በቬትናምና በላኦስ ተራሮች የሚኖር፣ ቁጥሩ እጅግ ያነሰ፣ እንደ ጥላ የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ ሆኖም በ1992 ቀንዱ በአዳኞች ቤት ተገኘ፣ በ1999 እና በ2013 በካሜራ ወጥመድ ገባ። ሰነፍ! አጥንቱን እንኳ መደበቅ አያውቅም። የሰሜን አሜሪካው ሁለት ሜትር ተኩል ፍጡር ግን ከባሕር እስከ ባሕር በአውራ ጎዳና በተከፋፈለ አህጉር ሲኖር ድብ በየዓመቱ በመኪና ሲገጭ እሱ አንድ ቀን አልተገጨም። ግራ ቀኝ አይቶ ነው የሚሻገረው።

ስለ ሌሊቱ ሥራ ብዙ አንልም። ወፍራም እንጨት ይዞ የዛፍ ግንድ ሦስት ጊዜ መምታት፣ ጸጥ ብሎ ማድመጥ፣ መልስ ሲመጣ መንቀጥቀጥ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሸለቆው ማዶ ከሰፈረ ሌላ የፈላጊዎች ቡድን ይሆናል፤ እነሱም በበኩላቸው መልስ አገኘን ብለው መዝግበዋል። አንድ ምት ለሁለት ማስረጃ ይበቃል፤ ቁጠባ ይሉሃል ይህ ነው። ጩኸቱን ደግሞ ጉጉትና ቀበሮ በነፃ ያግዛሉ። የሴት ቀበሮን የሌሊት ጩኸት ያልሰማ ሰው፣ ሰው እየታረደ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም።

ፀጉር! እዚህ ላይ ሙያው ጫፍ ነክቷል። ፀጉር በጓንትና በወረንጦ ይነሳል፣ በወረቀት ፖስታ ይቀመጣል፤ ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ያሻግተዋል። ሥሩ ካለ ሙሉ ዘረመል ሊነበብ ይችላል፤ ሥር የሌለው ዘንግ የሚሰጠው በእናት መስመር የሚወርደውን ክፍል ነው። በባዶ እጅ ከተነሳ ወይም ካስነጠሱበት ውጤቱ «ሰው» ይሆናል። ለባለሙያ ይህ ውድቀት ሳይሆን ድል ነው፦ «ሰው መሰል ነው ብለን አልነበረም?» ድብ ከተባለ ናሙናው ተቀይሯል፣ አይነበብም ከተባለ ሳይንስ የማያውቀው ዝርያ ነው። እስቲ ይህን የሚያሸንፍ ላቦራቶሪ አምጡ።

ላቦራቶሪዎቹ ግን አልሰነፉም። በ1976 ወደ አሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የተላከ ፀጉር ነበረ፤ ቢሮው መርምሮ አጋዘን ነው አለ፣ መዝገቡም በ2019 ለሕዝብ ተለቀቀ። የኦክስፎርዱ የዘረመል ሊቅ ብራያን ሳይክስ በ2014 ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡት ውስጥ የ30 ናሙናዎችን ውጤት አወጣ፦ ድብ፣ ፈረስ፣ ላም፣ ተኩላ ወይም ውሻ፣ ጃርት፣ ራኩን፣ ሰው። ላም መኖሯን አስተውሉ፤ አበው ያን ያህል አልተሳሳቱም ማለት ነው። በ2017 የዘረመል ተመራማሪዋ ሻርሎት ሊንድክቪስትና ባልደረቦቿ ከሂማላያና ከቲቤት የዬቲ ናቸው የተባሉ ዘጠኝ ቅርሶችን መረመሩ፤ ስምንቱ ድብ፣ አንዱ ውሻ ሆነ። ኤቨረስት ጫፍ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪም በ1960 በመራው ጉዞ የኩምጁንግ መንደር የሚያከብረውን የዬቲ የራስ ቆዳ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይዞ በአውሮፕላን አሜሪካና አውሮፓ ድረስ አስመረመረው፤ ሴሮ ከሚባል ፍየል መሰል የተራራ እንስሳ ቆዳ በቅርጽ ተወጥሮ የተሠራ ሆነ። በ2008 ደግሞ ሁለት ሰዎች በረዶ የሞላ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቢግፉት ሬሳ አለን ብለው ሸጡ። በረዶው ሲቀልጥ እግሩ የላስቲክ ነበር። ሻጮቹ የሠሩት ስህተት አንድ ነው፤ ሬሳ አምጥተው ሙያውን ሊገድሉት ነበር።

መንግሥታትም ሥራውን አክብረዋል። በ1959 በካትማንዱ የአሜሪካ ኤምባሲ ያሰራጨው ደብዳቤ ዬቲ ለመፈለግ የኔፓል መንግሥት ያወጣውን ደንብ ዘርዝሯል፦ ፈቃዱ 5,000 የሕንድ ሩፒ፤ ፎቶ ማንሳት ወይም በሕይወት መያዝ ይቻላል፣ ራስን ለመከላከል ካልሆነ መግደል አይቻልም፤ የተያዘው ፍጡርም ፎቶውም ለመንግሥት ይሰጣል፤ ያለ ፈቃድ ለጋዜጣ አይነገርም። የማይገኝ ነገር ግብር ሲያስገባ ካያችሁ ይህ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ስካማኒያ ካውንቲ ደግሞ በ1969 ቢግፉት የገደለ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደነገገ፤ የጸደቀውም ኤፕሪል 1 ቀን ነው። ሳቁ፤ ሕጉ ግን ብልህ ነው። ጫካው መሣሪያ ታጥቆ ጥቁርና ፀጉራም ነገር በሚያድን ሰው ሲሞላ የሚሞተው ወፍራም ኮት የለበሰው መንገደኛ ነው።

ሙያው ተሳስቶ ያገኘው አንድ ጊዜ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥቁር ባሕር ዳር ባለችው አብካዚያ ዛና የተባለች ሴት ነበረች። ይዘው አስረው አኖሯት፣ ልጆችም ወለደች። በሶቪየት ዘመን የ«አልማስ» (የዚያ አገር ቢግፉት መሆኑ ነው) ፈላጊዎች ታሪኳን ከመንደሩ አረጋውያን ለቅመው የዱር ሰው፣ ምናልባትም ከጠፋው የጥንት ሰው ዘር የተረፈች ኒያንደርታል አደረጓት። በ1954 የሞተው ልጇ ክዊት መቃብሩ ተቆፈረ፣ የራስ ቅሉ ወጣ፣ ቅንድቡና መንጋጋው ተለካ፣ «አውሬነቱ» ተፈለገበት። በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት በዚያው አካባቢ ከሌላ መቃብር የወጣ የሴት አፅም የክዊት እናት መሆኗን አረጋገጠ። ዝርያዋም ተነበበ፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ጋር የሚዛመድ፣ ምንም የጎደለው የሌለ የሰው ዘረመል። በባሪያ ንግድ ወደዚያ ተወስዳ ሊሆን ይችላል።