አንድን ስሌት በሦስት ቋንቋ መጻፍ ይቅር

በሐዋሳ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ ለክሊኒኮችና ለሆቴሎች ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። የሰርቨሩ (የማዕከላዊው ኮምፒውተር) ፕሮግራም በፒኤችፒ ወይም በፓይተን፣ የስልኩ መተግበሪያ በጃቫ ወይም በኮትሊን፣ ድረ ገጹ ደግሞ በጃቫስክሪፕት፣ ማለትም በየራሳቸው የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፋሉ፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይረው ፈንክሽን (አንድን ስሌት የሚሠራ የኮድ ክፍል) ግን ብዙ ጊዜ በየቋንቋው እንደ አዲስ ይጻፋል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። አንዴ በትክክል የተጻፈና የተፈተሸ ስሌት ከሌላው ቋንቋ ሊጠራ እየተቻለ እንደገና የሚጻፍበት ምክንያት የለም።

ስሌቱ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው፤ ጣጣው ያለው ጳጉሜን ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ስለነበር መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ይህን ሕግ አንዱ ጸሐፊ አስታውሶ ሌላው ቢዘነጋው፣ የአንድ ተበዳሪ ውዝፍ ቀናት በስልኩና በቢሮው ኮምፒውተር ላይ በአንድ ይለያያሉ፤ ወለድ በቀን በሚታሰብበት ማኅበር ደግሞ የአንድ ቀን ልዩነት ገንዘብ ነው። ያን ጊዜ የሚጨቃጨቁት ተበዳሪውና የሒሳብ ሠራተኛዋ እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ስሌቱ ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ወይም የሲ ፈንክሽን የሚጠራበትን ሥርዓት እንዲከተል ተደርጎ ረስት በተባለው፣ ተጽፎ እንደ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የኮድ ስብስብ) ይዘጋጃል። ፓይተን ከ2006 ጀምሮ እንዲህ ያለ ላይብረሪ የሚጠራበትን ሲታይፕስ የተባለ ሞጁል ይዞ ይመጣል፤ ፒኤችፒ በ2019 ከወጣው 7.4 ስሪት ወዲህ ለዚሁ ሥራ ኤፍኤፍአይ የተባለ መሣሪያ አለው፤ በአንድሮይድ ላይ ጃቫንና ኮትሊንን ከሲ ጋር የሚያገናኘው ጄኤንአይ ይሠራል፤ ለድረ ገጽም ያው ኮድ ብሮውዘር ወደሚያስኬደው ዌብአሴምብሊ ሊለወጥ ይችላል። (የሁለቱ ቋንቋዎች ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ በዚህ ርእስ ላይ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም።)

ይህን ስል ሁለት ቋንቋዎች በሚገናኙበት ቦታ ወጥመድ የለም ማለቴ አይደለም። ሲታይፕስ አንድ የሲ ፈንክሽን ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚመልስ ካልተነገረው ሙሉ ቁጥር ይመልሳል ብሎ ይወስዳል። ወለድን በዳብል (ክፍልፋይ በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) የሚመልስ ፈንክሽን እንዲህ ቢጠራ ፓይተን ስሕተት መኖሩን ሳያሳውቅ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጣል፤ ሥራውን ካቆመ ፕሮግራም ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። (ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር መያዝ ይሻላል፤ እሱ ግን ሌላ ክርክር ነው።) ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላትን በኮምፒውተር በሚወክለው የዩቲኤፍ 8 ሥርዓት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት የሜሞሪ ቦታ ስለሚወስድ «መስከረም» 5 ፊደል ቢሆንም 15 ባይት ነው፤ ሲ ደግሞ የጽሑፉን ማብቂያ ለማመልከት መጨረሻው ላይ አንድ የዜሮ ባይት ይጨምርበታል። ፊደላቱን ብቻ ቆጥሮ 6 ባይት ቦታ ያዘጋጀ ሰው፣ ፈንክሽኑ ልኩን ካልፈተሸ፣ የሌላ መረጃ ሜሞሪ ላይ ያስጽፋል። ስለዚህ የወር ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ጭራሽ ባይተላለፍ እመርጣለሁ፤ የሚተላለፈው ዓመት፣ ወርና ቀን በቁጥር ብቻ ይሁን፣ ስሙን ጠሪው ቋንቋ ራሱ ይጻፈው።

ስሌቱን ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በኢንተርኔት መጥራት ይቀላል የሚሉ አሉ። ኔትወርክ ሳይቋረጥ በሚውልበት ቢሮ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከሐዋሳ ወጥቶ በገጠር ቀበሌ ብድር የሚሰበስብ ሠራተኛ ስልክ ግን ኔትወርክ ባይኖርም ቀኑን መቁጠር አለበት። የበለጠ የሚከብደኝ ተቃውሞ የፒኤችፒው ነው። ኤፍኤፍአይ ለድረ ገጽ ጥያቄዎች እንደ ልብ እንዳይሠራ ከመነሻው የተገደበ ስለሆነ፣ በጋራ ሆስቲንግ (ብዙ ድረ ገጾች በሚጋሩት የኪራይ ሰርቨር) ላይ ያለ ሰው ላይፈቀድለት ይችላል። እንዲህ ሲሆን እንደገና መጻፉን እቀበላለሁ፤ ያም ሁለቱ ኮዶች በአንድ የመፈተሻ ሰንጠረዥ ካለፉ ነው። ሰንጠረዡም የተከታታይ 4 ዓመታትን የጳጉሜን መጨረሻና መስከረም 1ን ይያዝ።

ሶፍትዌር የሚያሠሩ ማኅበራትም የውላቸውን ይዘት ሊያዩት ይገባል። የቀንና የወለድ ስሌቱ ከቀረው ኮድ ተለይቶ፣ ምንጭ ኮዱና የመፈተሻ ሰንጠረዡ አብረው እንዲሰጧቸው ቢጠይቁ፣ ነገ ሌላ ባለሙያ በሌላ ቋንቋ ሲሠራላቸው ለዚያው ስሌት ዳግመኛ አይከፍሉም።